ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ሰውየው «ሽርሽር እንውጣ» ያለ ዕለት፣ ሚስትየው ነገር እንዳለ ገባት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ስትኖር እሑድን ከአልጋና ከጋዜጣ ሌላ ሲያሳልፍ አይታው አታውቅም። ሥራው የሚዛን ተቆጣጣሪነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ፣ ከቦርሳው የነሐስ ክብደቶቹን እያወጣ የነጋዴውን ሚዛን ሲፈትን ይውላል። አንዴ በአንድ ግራም የተነሳ ከአንድ ሥጋ ሻጭ ጋር ግማሽ ቀን ሲከራከር ስለዋለ «ግራም» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ እሱም ከመቀየም ይልቅ ኮራበት። ግራም አንድን ሚዛን ሦስት ጊዜ ሳይፈትን «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ቤቱም ውስጥ ያው ነው፤ ሻይ ቀዝቅዟል ለማለት እንኳ ሦስቴ ይቀምሳል። እንዲህ ያለ ሰው ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «እሑድ ወጣ ብለን እንዋል» ሲል፣ የትኛዋ ሚስት ናት «እሰይ» ብላ ዝም የምትል?

«የት ነው የምንውለው?» አለችው።

«ገጠር። ጸጥ ያለ ቦታ።»

«ጸጥታ ደግሞ ምን ሊያደርግልህ?»

ግራም ልጃቸውን አየት አደረጋት፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅም አባቷን አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች። ይቺ መተያየት በእናትየዋ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ሚስትየው በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሁለተኛው መስመር አለቃ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ስልሳ የስፌት መኪና አንድ ላይ ሲንጫጫ ውላ ገብታለች። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ላውራ ማለት ጉሮሮን መጨረስ ስለሆነ ሴቶቹ የሚግባቡት በከንፈር ነው፤ አንዷ ከወዲያ ጥግ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ሌላዋ ከወዲህ ጥግ ትንፈቀፈቃለች። እሷ ደግሞ የስፌትን ጥፋት የምትይዘው በጣቷ ነው። ጨርቁን ዳበስ አድርጋ «ይሄ ክር ላልቷል፣ ያኛው ጠብቋል» ካለች አለች ነው። ለጀማሪዎችም፣ የላላውም የጠበቀውም ለዐይን አንድ ይመስላል፣ ልዩነቱ የሚወጣው ሲለበስ ነው እያለች ታስተምራለች።

ታዲያ ይቺ ሴት በገዛ ቤቷ አንድ የላላ ነገር እንዳለ ከታወቃት ሰንብቷል። በመጀመሪያ ቤቱ የሹክሹክታ ቤት ሆነ። አባትና ልጅ ጠረጴዛ ጋ ጎናቸውን ሰጥተዋት ሲያወሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሉ አይወጣም። «ምን ታንሾካሹካላችሁ?» ስትል «ኧረ ማን ተንሾካሾከ!» ብለው ይጮሁባታል፤ መጮኻቸው ደግሞ ሌላ ንዴት። ለራሳቸው ይንሾካሾካሉ፣ ሲጠየቁ ይጮኻሉ፣ ብሎም ዞር ብለው «ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች» ብለው ያሟታል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን «ሙሽራዬ» የምትለው ቃል መጥፋቷ ነው። ግራም ፍቅርን ፊት ለፊት መናገር የሚያፍር ሰው ነው። ከተጋቡበት ጊዜ ጀምሮ ማታ ከሥራ ሲገባ፣ በሩን ገፋ አድርጎ፣ ገና ፊቷን ሳያይ፣ ምድጃው ላይ እንዳጎነበሰች ከኋላዋ «ሙሽራዬ» ይላታል፤ ከዚያ የሚላት ነገር ቢኖር «ምን አለ የሚበላ?» ነው። ያቺን አንዲት ቃል አሥራ ሰባት ዓመት ሰምታለች። አሁን ቀርታለች። ቀኑን እንኳን በትክክል አታውቅም፤ አንድ ቀን ልብ ብትል የለችም። አፍ አውጥታ «ለምን ተውካት?» ብላ መጠየቅ ደግሞ ለማን ክብር? ዓምና የማይባል ነገር ብሏት ሦስት ቀን አኩርፋዋለች፤ ምናልባት ልቡ ጭርሱን የሸፈተው ያኔ ይሆናል አለች። ሌላ ሙሽራ አግኝቶ ይሆናል።

የመጀመሪያው እሑድ ገጠር ወረዱ። ከወንድሙ የተዋሳት መኪና እያነጠሰች አንድ ሰፊ መስክ ዳር አደረሰቻቸው። ሣሩ ላይ አንጥፈው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ፤ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱ። ቦታው በእውነት ያምራል። እሷ ግን ውበቱ አልታያትም፤ ባሏ ከኋላዋ ጠፍቷል። ዞር ብትል ራቅ ብሎ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ደብተር ላይ ይጽፋል።

«ምንድነው የምትጽፈው?»

«ወፍ እየቆጠርኩ ነው» አላት።

ወፍ! ዶሮና እርግብ በወጉ የማይለይ ሰው።

በሁለተኛው እሑድ ተራራ ወጡ። እናትና ልጅ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ጫፉ ላይ ደርሰው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ ዘወር ብትል ባሏ እግሩን እየጎተተ እንደ ቀያሽ መሬቱን ይለካል።

«ለጤና ነው። እርምጃ እየቆጠርኩ» አለ፤ ልጅቱም «ዶክተሮች ያዛሉ እኮ እማዬ» ብላ አገዘችው። ሐሰት ስትናገር አፍንጫዋ ይቀላል፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ቀልቷል።

ማክሰኞ ዕለት ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ደብተሯን አገኘቻት። የሚዛን ውጤት የሚመዘግብባት ትንሿ ደብተር ናት፤ ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ ሚዛን የለም።

«ገጠር፣ ዛፉ ጋ። 15 እርምጃ፦ ትሰማለች። 30 እርምጃ፦ አትሰማም።

ተራራ፣ ነፋስ አለ። 15 እርምጃ፣ ሁለቴ፦ አትሰማም።

ቀጥሎ በረሃ። ነፋስ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ወፍ የለም። እዚያ ይለይለታል።»

አልጋው ላይ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። ምኑን ነው የማትሰማው? የትኛውን ጉዱን?

ገጹን በወረቀት ገልብጣ ደብተሯን ኪሱ መለሰች፤ በነጋታው በምሳ ሰዓት ግልባጩን ለቁልፍ ሰፊዋ ባልደረባዋ አሳየቻት። ይቺ ሴት «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ። ሬዲዮ ገጹን ሁለቴ አነበበችውና ፊቷን ወደ ጓደኛዋ አስጠጋች።

«አንቺ እንዴት ነው ያነበብሽው?»

«አትሰማም ይላላ! ወሬው ጆሮዋ አይደርስም ነው የሚለው። የሚደብቃት ሴት አለች።»

«ላልቶ ስላነበብሽው ነዋ! እስቲ አጥብቂው። 'ሰ' የምትለዋን ፊደል ረገጥ፣ 'ማ'ዋን ረገጥ አድርጊና አንብቢ።»

ሚስትየው ሰዋን ረገጠች፤ ማዋን ረገጠች። ቃሉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ አፏ ውስጥ ሌላ ሆነ። እሷ ራሷ የማትሰማ መሆኗ ቀርቶ፣ ድምፅዋ ለማንም የማይሰማ ሆነ።

«ብትጮኺ ማንም አይሰማሽም ነው የሚለው» አለች ሬዲዮ፣ ዐይኗ ፈጦ። «በስንት እርምጃ ርቀት ላይ ድምፅሽ እንደሚጠፋ እየለካ ነው! ሰው የሌለበት ቦታ እየመረጠ ነው፣ የኔ እናት!»

«ልጄስ? ልጄን ለምን ይዞ ይሄዳል ታዲያ?»

«እሱን እንጃ» አለች ሬዲዮ። እንጃ ስትል ያቺ ሬዲዮ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሌላ ሴት ብትሆን እሑድ «አሞኛል» ብላ ትቀር ነበር። እሷ ግን ነገርን እጅ ከፍንጅ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመነችው ሰው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከምትቀር መሞትን መረጠች። በቦርሳዋ የክር መቁረጫ መቀሷንና ትንሽ የእጅ መስታወቷን ከታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ለሬዲዮም «ሰኞ ካልመጣሁ ታውቂዋለሽ» ብላታለች።

ወደ በረሃው ለመድረስ ማለዳ ወጡ። መንገዱ እየቀጠነ፣ ዛፉ እየሳሳ ሄዶ ሄዶ አለቀ። ግራም መኪናዋን አቆመ። አሸዋና ድንጋይ፣ ከዚያ ሰማይ። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ባሏ ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን ቃኘና ረክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እናንተ ቀደም በሉ። እኔ እደርስባችኋለሁ» አለ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ።

ልጅቱ የእናቷን እጅ ያዘች። የልጅቱ መዳፍ በላብ ርሷል።

«እማዬ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ እሺ? ወደ ኋላ አትዙሪ።»

የገዛ ልጇ! ከአብራኳ የወጣችው! በግራ እጇ ልጇን እንደያዘች ቀኝ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። መቀሱን ነካችው። ተወችውና መስታወቱን አወጣች፣ ዐይኗ አሸዋ እንደገባበት ሰው ወደ ፊቷ ከፍ አደረገችው።

መስታወቱ ውስጥ ባሏን አየችው። አልራቀም፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ቢላ አልያዘም፣ ገመድ አልያዘም። ሁለት እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮኻል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

ምንም አይሰማም።

በረሃው ጭጭ ብሏል። ባሏ ትንፋሽ ስቦ እንደገና ጮኸ፤ ጭጭ። አምስት እርምጃ ቀርቦ ጮኸ። ሃያ ሁለት ዓመት ከንፈር ስታነብ የኖረች ሴት ናትና ያቺን ከንፈር ለማንበብ አልተቸገረችም።

ሙሽራዬ።

ከጎኗ ልጇን አየቻት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ እንባዋ አሸዋው ላይ እየወረደ ታለቅሳለች። ያኔ ደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ እንደ ስፌት ተተርትሮ ታያት። ሹክሹክታ አልነበረም። ማንም የተንሾካሾከ የለም። ያኔ ዛፉ ጋ ዞር ያለችውም ልትፈልገው እንጂ ሰምታው አልነበረም። ቃሉንም ሬዲዮ ያለ አግባቡ ነው ያጠበቀችው፤ ላልቶ ነው የሚነበበው፣ ልክ እንደተጻፈው፣ አትሰማም።

ዞረችና በሙሉ ድምፅዋ «አቤት!» አለች።

ግራም ደብተሩን ከብብቱ ጣለ። ዘሎ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ እየነቀነቀ፣ ፊት ለፊቷ፣ «ሰማሽ! ሰማሽ እኮ!» ይላል። ልጅቱም ከኋላ ተጠመጠመችባት። ሰውየው ተመልሶ ደብተሩን አንስቶ መጣ፤ «በረሃ፣ 5 እርምጃ፦ ት» ብሎ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሳይፈትን የማያምን ሰው፣ አንዲት አቤት ሰምቶ አመነ።

ዝም ብትል ቃሉን ይጨርሰው ነበር። ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ጉዳዩ ያልቃል፣ ደንቆሮ የሚላትም አይኖርም። እናቷን ሰፈሩ ሁሉ «ደንቆሮዋ» እያለ ሲጠራት ነው ያደገችው፤ ልጆች ከኋላዋ ሄደው ቆርቆሮ ይደበድቡባት ነበር። ዓምና ባሏ «ሐኪም ቤት ሄደን ጆሮሽን እንታየው» ቢላት ሦስት ቀን ያኮረፈችውም ለዚህ ነው። አሁንም እውነቱን ልትውጠው ዳድቷት ነበር። ግን ያንን ጽሑፍ እያየች መዋሸት አልሆነላትም።

እርሳሱን ከእጁ ወሰደች።

«አልሰማሁህም» አለችው። «በመስታወት አየሁህ።»

ግራም ዐይኑን ወደ መስታወቱ ላከ።

«ሙሽራዬ ነው ያልከኝ?»

«እሱን ነው» አለ።

«ይህቺን ቃል እኮ ከተውካት ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ሌላ ሰው አግኝተሃል ብዬ ስንት ጊዜ...» መጨረስ አቃታት።

«እኔ?» አለ ግራም፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ቃሉን ለማንበብ አስቸገራት። «አንድ ቀን እንኳን ትቻት አላውቅም። ማታ ማታ ከበር ስገባ እላለሁ። አንቺ ዝም ትያለሽ። መጀመሪያ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ናት 'አባዬ፣ እማዬ እኮ እኔንም አትሰማኝም' ያለችኝ። እርግጠኛ ሳልሆን ደግሞ እንዴት ብዬ ድጋሚ ልንገርሽ?»

ሁለት ዓመት። በየማታው በር ላይ ቆሞ ይጠራታል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታማስላለች። እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሲወጣላት ደብተሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እሱ የጀመራትን «ት» ሰርዛ፣ በራሷ እጅ «አትሰማም» ብላ ጻፈችና መለሰችለት።

«ነገ ሐኪም ጋ ትወስደኛለህ» አለችው። «እስከዚያ ግን ከኋላዬ የሚባል ነገር የለም። ፊት ለፊቴ ቁምና በለኝ።»

«እዚህ? ልጅቷ እያየች?»

«እዚህ።»

ልጅቱ እየሳቀች ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዞረችላቸው። ግራም ኮቱን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወዲያና ወዲህ አየ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን እያየ ያቺን ቃል አላት። ድምፅ ያውጣ አያውጣ እሷ አታውቅም፤ ከከንፈሩ ላይ ግን ዐይኗን አልነቀለችም።

«አቤት» አለች።