ዛሬስ ምን ጨምረሽበት ነው?

የእህቴ ባል ሰው ማመስገን አያውቅበትም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጥሩምባው ስለሚናገርለት አፉን መክፈት አላስፈለገውም እያልኩ እቀልድበታለሁ። አንዲት ነገር ግን ነበረችው። ማዕድ ቀርቦ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ከዋጠ በኋላ ቀና ብሎ እህቴን ያይና፣ "ዛሬስ ምን ጨምረሽበት ነው?" ይላታል። እሷም፣ "ምን እጨምርበታለሁ፣ ያው የሁልጊዜው ነው" ብላ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ታዞራለች። በዚያ ቤት ከዚህ ወዲያ ምስጋና የሚባል ነገር የለም። ልጃቸውም ገና አፏን ስትፈታ ይችኑ ቃል ተምራ፣ ውሃ እንኳ ሲሰጧት "ምን ጨምለሽበት ነው?" እያለች ታስቀን ነበር።

ይህችን የመሰለች ቃል ያበላሸቻት ራሷ እህቴ ናት። ስለማልወዳት አይደለም እንዲህ የምለው። ታላቄ ናት፤ የልብስ ስፌት ክፍሌ ከቤቷ ጀርባ ነው፤ ምሳዬን የምበላው እሷ ዘንድ ነው። ግን ትዕቢተኛ ናት፤ ትዕቢቷም ያለው ማንኪያዋ ላይ ነው። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ሰው ገብቶ ሊተኛበት በሚችል ድስት፣ ያን ሁሉ ልጅ ስትመግብ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ሚዛን አታውቅም፣ ሰዓት አታይም። ማንኪያዋን ትነክርና እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከራት የለም።

ልጅቷን "ዳኛዋ" ነው የምንላት። ትንሽ ልጅ ሆና ከጎረቤት ልጆች ጋር ብስኩት ስትካፈል፣ ከእኔ ክር ለምና ትለካ ነበር። አድጋ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሆነች። አንድ ወቅት ሥጋ በጅምላ በሚቀመጥበት የበረዶ ክፍል ውስጥ ሞተር ስትፈታ ስትገጥም ሰነበተችና፣ ከዚያ ስትወጣ ሥጋ አልበላም አለች። ማንንም አልሰበከችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። አልበላም አለች፣ በቃ።

እህቴ ግን የተናቀች መሰላት። "በኔ ማንኪያ ያደገች ልጅ የኔን ድስት ልትጠየፍ!" እያለች ስታብሰለስል ከረመች። አንድ እሑድ የአታክልት ሾርባ ነው ብላ በአጥንት መረቅ የተሠራ አቀረበችላት። ልጅቷ ሁለት ሳህን ጠጣች። አባትየው እንደ ልማዱ፣ "ዛሬስ ምን ጨምረሽበት ነው?" ሲል፣ እህቴ እየሳቀች፣ "የበሬ አጥንት ነዋ! ይኸው፣ ልዩነቱን እንኳ አላወቀችውም" አለች።

ዳኛዋ አልጮኸችም። ሳህኗን ወደ ማጠቢያው ወሰደች፣ አጥባ ደፋችው፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እናቷን መጠየቅ አልተወችም፤ ትመጣለች፣ ትስማለች፣ የፍሪጁን ላስቲክ ታያለች። ምግብ ሲቀርብ ግን "በልቼ ነው የመጣሁት" ነው መልሷ። በጠዋትም ትምጣ በቀትር፣ ሁልጊዜ በልታ ነው የምትመጣው። አባትየውም ያቺን ጥያቄውን እርግፍ አድርጎ ተዋት። ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይነሳል።

"ይቅርታ አንድ ቃል ናት፤ በያትና ሁላችንንም ገላግይን" እላታለሁ እህቴን።

"ምን ብዬ? መርዝ አበላሁሽ ብዬ?" ትለኛለች። እንዲህ ትበል እንጂ፣ ልጅቷ በመጣች ቁጥር አንድ ትርፍ ሳህን ታወጣና ቆይታ መልሳ ስታስገባው አያታለሁ። አንጀቴን ትበላኛለች።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ዳኛዋ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘች፤ ለረጅም ጊዜ የሚያቆይ ውል ነው። ከመሄዷ በፊት ለእናቷ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የግፊት ድስት ገዝታ መጣች። የእህቴ እጅ መገጣጠሚያው እያመማት ከባድ ድስት ማንሳት አቅቷት ነበርና፣ ልጅቷ ይህን ልብ ብላ ኖሯል። እህቴ ስጦታውን በአንድ ዓይኗ እያየች ተቀበለች። ክዳኑ አንዴ ከተቆለፈ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ በልመናም በጉልበትም አይከፈትምና፣ "አኩራፊው" የሚል ስም አወጣችለት። በቤቱ አኩራፊ የጠፋ ይመስል።

"የማልቀምሰውን ምግብ ለሰው አላቀርብም" ብላ ጥግ አስቀመጠችው።

ከዚያ አንድ ጠዋት የስፌት ክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆመች። ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር።

"ያ ድስት አይከፈትም አይደል?" አለችኝ።

"አኩራፊው? ራስሽ አይደለሽ ስም ያወጣሽለት።"

"ከተዘጋ በኋላ ማንም ምንም ሊጨምርበት አይችልም ማለት ነው።"

መቀሱን አስቀመጥኩና አየኋት። "እሷው ትዝጋው" አለች ቀስ ብላ። "የሚገባውን ሁሉ እያየች ይግባ፣ ክዳኑን እሷው ትዝጋው። ሳትሄድ አንድ ጊዜ ከእጄ ትብላ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።" ያን ያህል ዘመን ስትቀምስ የኖረች ሴት፣ ለልጇ ስትል የማትቀምሰውን ልታበስል መሆኑ ነው። ይቅርታ ከማለት ይኼ ቀለላት።

ፓስታ በክሬም ይሁን ተባለ፤ ዳኛዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደዋለች። መጀመሪያ ለሙከራ የሠራነው ጉድ ነበር። እህቴ በድሮው ልማዷ ክሬሙን ከሁሉም ጋር አንድ ላይ ከተተችውና፣ ክዳኑ ሲከፈት ጓጉሎ፣ ሥሩ አርሮ ተገኘ። አባትየው የቀረበለትን ሳያተርፍ በላ። በሁለተኛው ሙከራ ክሬሙም ቺዙም ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ እንደሚገቡ ገባን። ውሃውም መኮሮኒውን ሸፈን ሲያደርገው ይበቃል።

ዳኛዋ በምትሄድበት ቀን ረፋዱ ላይ መጣች። መጀመሪያ ወደ እኔ ጎራ ብላ የጉዞ ቦርሳዋን ዚፕ አሠራችኝ። ከዚያ አብረን ገባን።

"በልቼ ነው የመጣሁት" አለች ገና ከበሩ።

"አውቃለሁ" አለች እህቴ። "ወጥ ቤት ነይ ብቻ።"

ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር ተደርድሯል፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ እንጉዳይ፣ ቆስጣ፣ መኮሮኒ፣ ክሬም፣ ቺዝ። የታሸገው ሁሉ ጽሑፉ ወደ ልጅቷ እንዲዞር ሆኖ ተቀምጧል፤ ፍርድ ቤት የቀረበ ማስረጃ ነው የሚመስለው። ዳኛዋ አንዴ ጠረጴዛውን፣ አንዴ እናቷን አየች። ነገሩ ገባት። ጃኬቷን አውልቃ ወንበር ላይ አደረገችና፣ "ሽንኩርቱን እኔ ልክተፈው" አለች። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

እህቴ ቅቤውን አቅልጣ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ እንጉዳዩን ጨመረች፣ መኮሮኒውን፣ ውሃውን፣ ጨውን። እያንዳንዱን ከመክተቷ በፊት እጇን ለአፍታ ታቆማለች፤ ልጅቷም እንዳየች ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ዳኛዋ ክዳኑን አዙራ ዘጋች፣ ቁልፉን ተጫነች። ሦስታችን ከበን ቆምን። ልጅቷ ሥራዋም ነውና ስለ ክዳኑ ላስቲክ ማስረዳት ጀመረች፤ "ሁሉን የሚይዘው እሱ ነው፤ አውጥተሽ ካላጠብሽው ሽታ ይይዛል፣ ከዚያ አይለቅም" አለች። እህቴ እንደ ተማሪ ታዳምጣለች። እንደዚያ ተጠጋግተው ቆመው ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

እንፋሎቱ ሲለቀቅ እህቴ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ልጅቷ ሳቀችባት። ክዳኑ ተከፈተ፣ ቆስጣው ገባ፣ ክሬሙና ቺዙ ተከተሉ። የእህቴ እጅ ከልማዷ የተነሳ ማንኪያ አንስቶ ወደ ድስቱ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ማንኪያውን ሳትነክረው መልሳ አስቀመጠችው።

አባትየውም መጣና አራታችን ማዕድ ቀረብን። ማንም አልጀመረም። ዳኛዋ ሹካዋን አነሳች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ሌላ ደገመች። ከዚያ ቀና ብላ መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥላ እናቷን አየችና፣

"ዛሬስ ምን ጨምረሽበት ነው?" አለች።

እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ዛሬስ" ነው ያለችው። የአባቷን ቃል በአባቷ ድምፅ ነው ያመጣችው። አባትየው ብድግ ብሎ ነበር ከተቀመጠበት፣ ፊቱ ሁሉ በርቶ። እህቴ "ያው የሁልጊዜው ነው" ብትል፣ ይህችን ብቻ ብትል፣ ነገሩ አልቆ ነበር።

ግን በደለኛ ሰው ጆሮው የራሱን ነው የሚሰማው። የእህቴ ፊት ተለዋወጠ።

"ምን ጨመርኩበት? ቆመሽ ስታዪ አልነበረም? የዘጋሽው አንቺ አይደለሽም? ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ፣ እጄን ታስሬ ላብስል? ዕድሜ ልኬን ሌባ ሆኜ ልኑር?"

"እማዬ፣ እኔ እኮ..." አለች ልጅቷ።

"እኔ እኮ ምን?"

ዳኛዋ እናቷን ትንሽ አየቻት። "ተይው" አለች። ጎንበስ ብላ ሳህኗ ላይ ያለውን እስከ መጨረሻው በላች። አልቸኮለችም፣ አላንገራገረችም። ሲያልቅ አፏን ጠረገችና "ጥሩ ነው" አለች፤ የሰው ቤት እንደሚባለው። ከስድብ ይልቅ ያ "ጥሩ ነው" ነበር የከፋው።

እህቴ ወጥ ቤት ገብታ የተረፈውን በዕቃ ስትቋጥር ቆየች። ለመንገድ ነው። ይዛው ስትወጣ ልጅቷ ጃኬቷን ለብሳ በሩ ላይ ነበረች።

"ያዢው፣ መንገድ ላይ ይርብሻል።"

"ቦርሳዬ ሞልቷል እማዬ።"

ያንን ቦርሳ ረፋዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ዚፑን የሠራሁት። ግማሹ ባዶ ነበር። ምላሴን ነከስኩ። ልጅቷ ሁለታችንንም ሳመችን፤ እናቷን ሳም አድርጋ ትንሽ ቆየችም። አባትየው ቦርሳውን ተሸክሞ ሊሸኛት አብሯት ወጣ።

እህቴ ወደ ማጠቢያው ተመለሰች። የክዳኑን ላስቲክ አውጥታ፣ ልጅቷ እንዳሳየቻት አድርጋ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ነው የሰጠችኝ።

"ምስጋና ነበር አይደል?" አለች።

መዋሸት እችል ነበር። "ምስጋና ነበር" አልኳት።

ላስቲኩን ሳትለቅ ቆመች። "ሳትጨርስ አቋረጥኳት" አለች። "እኔ እኮ ስትል አቋረጥኳት። እሷ ይቅር ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።" ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ሄጄ ዘጋሁት።

አባትየው ሲመለስ ተሳፍራለች ብሎ ተቀመጠ። እህቴ የተቋጠረውን ፈታ ሳህን ላይ ገልብጣ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቀዝቅዞ ረግቷል፤ እሱ ግን ሹካውን አንስቶ ጎረሰ።

"ጠይቀኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"የድሮህን።"

አየኝ። እኔም አጎነበስኩ። ሹካውን አስቀመጠና፣ "ዛሬስ ምን ጨምረሽበት ነው?" አላት።

"ምን እጨምርበታለሁ፣ ያው..." አለች እህቴ። የቀረው አልወጣላትም። እሱም ጥቂት ጠበቃትና፣ ጎንበስ ብሎ መብላቱን ቀጠለ።