ለሚሚ የመረጥኩላት

እኛ ጋ ላም የሚያስጠቃ ሰው ትልቁን ኮርማ ይመርጣል። እኔም ከጎንደር በዘንቢል ይዤ ላመጣኋት ለትንሿ ውሻዬ ለሚሚ፣ ከደባርቅ በግ ጠባቂ ውሾች ሁሉ ትልቁን፣ የጎረቤቴን የዘመነን ውሻ መረጥኩላት። የሚከለክለኝ ቢኖርም አልሰማም ነበር።

ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ታምጣለች፤ ቡችላው አልወጣ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ የሺዋስ ስንቱን ጥጃ በእጁ ጎትቶ ያዋለደ ሰው ነው። እሷን አየ፣ መዳፉን አየ፣ ቁጭ አለ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እጄ አይገባም። ያለ ኦፕራሲዮን አይወጣም። ኦፕራሲዮኑ ጎንደር ነው፤ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል።»

«ታዲያ ዝም ብለን እንያት?»

የሺዋስ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ዘመነ በበሩ ብቅ አለ።

«ትልቁን ቡችላ ለእኔ፤ አደራ እንዳትረሺ» አለኝ።