ዶክተር ጨመዳ የበላው ጩምቦ

ነቀምቴ ላይ ነገረ ፈጁን ጉሉማ ዋጋሪን እንደ ጨመዳ ስም የሚያቃጥለው ነገር አልነበረም። ሁለቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ኋላ ግን ጉሉማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ጨመዳ በጃንሆይ መልካም ፈቃድ ባሕር ተሻገረ፤ የዓለም አቀፍ ሕግ ተማረ፣ አስተማረ፣ መጽሐፍም ጻፈ። አሁንማ መንግሥታት በድንበር ሲካሰሱ ሔግ ድረስ ሄዶ ይሟገታል ይባላል።

«የባሕሩ ወለል የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው እኮ!» ትላለች የጉሉማ ሚስት ድርቤ።

«ወለጋ ውስጥ ባሕር የት አይተሽ ነው?»

ጉሉማን የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጃርሱማው፣ ማለትም ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ፣ የመሀሉ ወንበር የእሱ ነው። ኡኬ በተባለው የገጠር ቀበሌ ተረፋና ሞረዳ የተባሉ ገበሬዎች በአንዲት ምንጭ ተጣልተው ስንት ዘመን ያመላለሳቸው እሱ ነው። ዕርቁ ሊያልቅ የአንድ ቅዳሜ ሸንጎ ብቻ ሲቀረው ተረፋ ከች አለ።

«ኦቦ ጉሉማ፣ እንዳትቀየመን። ጨመዳ ለዕረፍት መጥቷል። መንግሥታትን የዳኘ እኛን አያቅተውም። አንተም ከጎኑ ትቀመጣለህ።»

ከጎኑ! ጉሉማ በፈገግታ ሸኘው፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ አንድ ዘዴ መጣለት። አስታራቂ ነገሩ እስኪያልቅ ከባለ ጉዳዮቹ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ የቀመሰ ከወንበሩ ይነሣል። ይህን የኡኬ ሕፃን ያውቀዋል። ባሕር ማዶ የከረመ ሰው ግን ሳይረሳው አይቀርም።

ቅዳሜ ማለዳ ጨመዳን ይዞ ወጣ። «እግረ መንገዳችንን የሞረዳን እናት ሰላም እንበላት፣ ትወድህ አልነበር?»

ሞረዳ ቀድሞ ሸንጎው ወደሚቀመጥበት የኦዳ ዛፍ ሄዷል። አሮጊቷ እናቱ ወርቂቱ ጨመዳ ለዳኝነት መጠራቱን አልሰማችም፤ የምታውቀው እንግዳ መምጣቱን ብቻ ነው። ቅቤና እርጎ የፈሰሰበት ወፍራም ቂጣ፣ ያ የወለጋ ጩምቦ፣ ቀረበ። ጨመዳ እጅጌውን ሰበሰበ።

«አንተስ?» አለችው ጉሉማን ለወጉ ያህል።

«ጾም ነኝ፣ እማዬ።»

«ጾም? የወንጌላውያን ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ቅዳሜ የሚጾመው?»

ጨመዳ ሳቀና ቅቤ የሚያንጠባጥብ ጉርሻ ጠቅልሎ አነሣ። «በሞቴ ጉሉማ! ከስንት ዘመን በኋላ!»

አሮጊቷ ታያለች። የአብሮ አደግን ጉርሻ መመለስ ነውር ነው። ጉሉማ አፉን ከፈተ፤ መርዝ እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ።

ኦዳው ሥር ሸንጎው ሲሞላ ጉሉማ ዘሎ ተነሣ። «ወገኖቼ! እያዘንኩ ነው የምናገረው፤ ዶክተሩ ዛሬ ከሞረዳ ቤት በልቷል!»

ሸንጎው አጉረመረመ። ጨመዳ ቀላ፤ ወዲያው ባርኔጣውን አውልቆ ከመሀሉ ወንበር ወረደ።

«እውነት ነው። የአገሬን ሥርዓት ረስቼ አጥፍቻለሁ። ሔግም ቢሆን ከአንዱ ወገን የበላ አይዳኝም።» ሄዶ ከገበሬዎቹ መሀል ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሰው ማለት ይሄ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ጉሉማ ወደ ባዶው ወንበር ሲራመድ ወርቂቱ ነገሩን ከዳር ሰምታ ምርኩዟን እየተደገፈች ደረሰች።

«እሱስ? ጩምቦዬን እሱም በልቶት የለም እንዴ? ቅቤው ጢሙ ላይ ነው እኮ!»

ጉሉማ ሳያስበው ጢሙን ጠረገ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ወንበሩን ባይሳ የሚባል አዝጋሚ ሽማግሌ ያዘው፤ ዕርቁም ከምሳ በፊት አለቀ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ለድርቤ ደርሷል።

«ጨመዳ ወንበሩን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ አሉ! አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።»

«እኔም እኮ ለቅቄያለሁ!»

«አንተንማ አሮጊት አስነሥታህ ነው» አለችና እራቱን አቀረበችለት።