በኪስ የሚገባው ስልክ

የፊዚክስ አስተማሪው ቀለሙ ያንን ወሬ የነገረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሀምዱ ሱቅ ውስጥ። አርብ ከጁምዓ መልስ ዱዓው ተደርጎ፣ ጫቱ ተይዞ፣ ጨዋታው ሲደራ፣ "አንተ የተማርከው፣ መጪው ዘመን ምን ይመስላል?" አሉት የተሰበሰቡት።

እሱም የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ኮምቦልቻ ፈጠረላቸው። ፋብሪካው ያለ ሠራተኛ ይሸምናል። ሰው ሁሉ ስልኩን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ስልኩ ታዲያ ጆሮ አለው፤ ባለቤቱ የተናገረውን ለማይታወቅ ሰው ያደርሳል። ወንድማማቾች አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ከሩቅ ሰው ጋር ያወራሉ። ጎረቤት ሲሞት ቀባሪ ይጠፋል።

"አዑዙ ቢላህ!" አለች የጋሽ ሀምዱ ሚስት ኡሙሰልማ ከጓዳ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በሳምንቱ ቀለሙ ቀበሌ ተጠራ።

ካድሬው በላቸው ተቀመጥ እንኳ አላለውም። "ጆሮ ያለው ስልክ ያልከው ማንን ነው? እኛን ነው?"

"ጓድ በላቸው፣ ስለ ወደፊቱ የተፈጠረ ተረት ነው።"

"በወደፊቱ ሶሻሊዝም ያብባል እንጂ ቀባሪ ይጠፋል?" አፈጠጠበት። ከዚያ ምን እንደታሰበው እንጃ፣ በሳቅ ፈነዳ። "ቆይ፣ ሰላዩን በገዛ ብሩ ገዝቶ ኪሱ የሚከት ሞኝ ከየት ታመጣለህ? ሂድ ወዲያ! ተረት እንኳ አትችልም።"

ቀለሙ በሩ ጋ ሲደርስ አላስቻለውም። "ማን ነገራችሁ?"

"ማንም። ገበያው ሁሉ እየተቀባበለ ሲስቅበት ሰማን።"

ሊያምነው ፈለገ። የጣፈጠ ወሬ ሰኞ ገበያን ለማዳረስ ግማሽ ቀን እንደማይፈጅበት ያውቃል። ግን ካድሬ ነጋሪውን መች ያወጣል? የካድሬዎቹን ካኪ የሚሰፉት ጋሽ ሀምዱ ናቸው። ልጃቸውስ ከብሔራዊ ውትድርና የቀረው በምን ተአምር ነው?

አርብ ወደ ሱቁ አልሄደም። በሚቀጥለውም ቀረ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ጋሽ ሀምዱ እጁን ያዙት። እሳቸው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የሰው እጅ አይለቁም። "ደህና ነህ? ቤቱ ደህና? ትምህርት ቤቱ ደህና? ገራዶ ያሉት እናትህስ..."

"ደህና፣ ደህና።" ቀለሙ እጁን ሳብ አደረገ።

"ጠፋህ እኮ! ኡሙሰልማ የዚያ ወሬ መጨረሻ ምን ሆነ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ስልኩን ይጥሉታል?"

ቀለሙ ግራ ቀኙን አየ። "ለምን ፈለጉት?"

"እንዴት ለምን? ወላሂ ስላማረን ነዋ!"

"ማን ጠይቁት አልዎት?"

የሽማግሌው ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ከሰመ። የያዙትን እጅ አዩት፤ ከዚያ ለቀቁት።

"አብሽር፣ ልጄ። አልጠይቅህም።"

ስለ እናቱ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።