የጋሽ ሀብተሚካኤል ድምፅ ማጥፊያ

ጋሽ ሀብተሚካኤል ቃሊቲ ላይ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ አላቸው፤ በሚኖሩበት ሳሪስ አቦ ደግሞ የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በወሬያቸው ነው። ሥጋ ቤት ሲገቡ ቁርጡ እስኪመጣ የአገሩን ጉዳይ ይጨርሱና፣ ቁርጡ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ቤታቸው ውስጥ ግን ሰሚ የላቸውም። ማውራት ሲጀምሩ ባለቤታቸው ጠጄ አንድ ሥራ ትዝ ይላትና ወደ ጓዳ ትገባለች።

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አላቸው። ለዓመታት በወገባቸው ከማንጠልጠል በቀር አንድም ቀን ተኩሰውበት አያውቁም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ግን ጅብ በግቢያቸው ሲያልፍ ያዩ መሰላቸውና ወደ ሰማይ አንዲት ጥይት ለቀቁ። ጅብ የተባለው የጎረቤታቸው የአቻምየለሽ ውሻ ነበር። ውሻው ምንም አልሆነም፤ ሰፈሩ ግን ተነሳ። አንዱ «ጋሽ ሀብቴ ተገደሉ» አለ፤ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳንና ብረት ድስት መጣ። ጋሽ ሀብተሚካኤል በፒጃማ ወደ በረንዳ ሲወጡ ምክትላቸው በቀለ፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው፣ መሀል ግቢ ቆሞ በሊቀመንበርነት ትእዛዝ ይሰጥ ነበር።

«አሉ እንዴ?» አለ በቀለ ሲያያቸው። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ሽንኩርቱ ተከትፎ ስላለቀ ለቀስተኛው ቁርሱን በልቶ ተበተነ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ግን ነገሩን ሊረሱት አልቻሉም። የሚቀጥለው ጥይታቸው ማንም የማይሰማው እንዲሆን ቆረጡ። ከዱባይ ዕቃ የሚያመላልሰው የእህታቸው ልጅ ዮሚፍ ከጫማ ማሽን መለዋወጫ ጋር ቀላቅሎ አንድ ጥቁር የሽጉጥ ድምፅ ማጥፊያ አመጣላቸው። ማጥፊያው ውስጡ ጥርስ አለው፤ እንደ ዳዶ እየተሽከረከረ የሚገጥም ነው። የእሳቸው ሽጉጥ አፈሙዝ ግን ልሙጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማጥፊያውን በጋዜጣ ጠቅልለው አቃቂ በሰቃ ወደሚገኘው ወደ ሙህዲን ቶርኖ ቤት ሄዱ።

ሙህዲን ዕቃውን አገላብጦ አየው። «የየትኛው ሞተር ማርሚታ ነው፣ ጋሼ?»

«የሞተር አይደለም።» ጋሽ ሀብተሚካኤል ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ አደረጉ ማለት ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ሰማ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት አልሰሙም ማለት ነው። «የሽጉጥ ድምፅ ማጥፊያ ነው። አፈሙዙ ላይ ጥርስ አውጣልኝ።»

ሙህዲን ዕቃውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። እጁንም በጨርቅ ጠረገ። «ጥርሱ ሚሊ ነው ኢንች?»

«የቱ ይሻላል?»

«የሚሻል የለውም፤ የሚገጥም ነው ያለው። የሚሊ ዳዶ ለኢንች ብሎን ሲሰጡት ትንሽ ይሄድልዎትና ይነክሳል። ብሎን ሲሆን ይራገማሉ። ሽጉጥ ከሆነ ግን የሚራገም ላይተርፍ ይችላል።»

«እሺ፣ ለክተህ ምረጥልኛ።»

«አልለካም፣ ጋሼ። ይሄ የሚያሳስር ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቃሊቲን እያለፍኩ ነው የሄድኩት፤ አሁን ለእርስዎ ብዬ አልገባም።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዘው የወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም መልስ ያላገኘው «ሚሊ ነው ኢንች?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዚያው ሥጋ ቤት ገቡና ማጥፊያውን ከአዋዜው አጠገብ አቆሙት።

«ሚሊ ነው» አሉ ኦቦ ዱጉማ፣ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር። «የጣሊያን መኪና ስነዳ ኢንች የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።»

«ሽጉጡ እኮ የቱርክ ነው» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል።

«ቱርክም ጎረቤታቸው ነው።»

በቀለ ግን ኢንች ነው ብሎ ድርቅ አለ። ምክንያቱም ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ቧንቧ በሙሉ በኢንች ነው፤ ይሄ ደግሞ ከቧንቧ በምን ይለያል? ማጥፊያው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ጮማ በጮማ ሆነ። አንዱ በለስላሳ ጠርሙስ አፍ ላይ ሊያስገባው ሞከረ። ሌላው እንደ መነጽር አጮልቆበት ሥጋ ቆራጩን አየው። ያን ቀን ሥጋ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ፤ ሚሊዎች በአንድ በኩል፣ ኢንቾች በሌላ።

ክርክሩ ወር ሳይሞላው የዕድሩ ስብሰባ ላይ ደረሰ። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ጋሽ ሀብተሚካኤል ተነስተው፣ ማጥፊያውን ከፍ አድርገው፣ ለአባላቱ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ነገሩ ምስጢር መሆኑንም ደጋግመው አሳሰቡ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሚሊ በአብላጫ አሸነፈ። በቀለ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠየቀ።

በማግስቱ ከፋብሪካ ሲመለሱ ሳሎናቸው ውስጥ የፖሊስ ልብስ የለበሰች ሴት ከጠጄ ጋር ተቀምጣ አገኙ።

«ሳጅን ቢፍቱ እባላለሁ» አለች ብድግ ብላ። «የሽጉጥ ድምፅ ማጥፊያ እንዳለዎት ሰምተን ነው የመጣነው። በግል መያዝ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ አይደል?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ፊታቸው አመድ መሰለ። «ማነው የነገራችሁ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባቴ። አንድ ባልደረባችን የዕድራችሁ አባል ነው። ለሚሊ ነው ድምፅ የሰጠው።»

ሽጉጡንና ማጥፊያውን አስረክበው ጣቢያ ሄዱ። ሳጅን ቢፍቱ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ሁለት ፖሊሶችም አጠገቧ ተቀመጡ። «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩን» አለቻቸው።

ጀመሩ። ስለ ውሻው፣ ስለ ጥሩምባው፣ ስለ ሽንኩርቱ ተናገሩ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ከእሳቸው አልነቀሉም። ትንፋሽ ለመሳብ ቆም ሲሉ ሳጅኗ «ከዚያስ?» ትላለች። ጋሽ ሀብተሚካኤል «ከዚያስ?» ያላቸው ሰው ካጡ ስንት ዘመናቸው ነው። ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው ስለ ጥርስ አወጣጥ፣ ስለ ሚሊና ኢንች ጠባይ አስረዱ። «ከዚያስ?» ስትላቸው ስለ ዮሚፍ፣ ስለ ጫማ ማሽኑ ካርቶን፣ ካርቶኑ በየት በኩል እንደገባ ሁሉ ዘረዘሩ። የሚጽፈው ፖሊስ እጁ እስኪዝል ጻፈ።

አመሻሹ ላይ በዋስ ተለቀው ቤታቸው ሲገቡ ጠጄ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«ምን አሉህ?»

«ምን ይሉኛል? አዳመጡኝ እንጂ።» ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። «ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አንድም ቃል አላቋረጡኝም። ነገም ና ብለውኛል። ገና ያልነገርኳቸው አለ።»

ጠጄ ስልኳን አንስታ ጠበቃ መፈለግ ጀመረች።

ነገሩ በገንዘብ ቅጣትና በገደብ አለቀ፤ የጦር መሣሪያ ፈቃዳቸውም ተሰረዘ። ዮሚፍ በራሱ መዝገብ ተከሶ ተቀጣ፤ ዛሬም አጎቱን መንገድ ላይ ሲያይ ይሻገራል። ዕድሩም በቀለን ለጊዜው ብሎ ሊቀመንበር አደረገው። ጋሽ ሀብተሚካኤል ግን አልተቀየሙም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቁም ነገር አዳማጭ የቀረው ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነው እያሉ ለሚያገኙት ሁሉ ይናገራሉ።