ዝምታ እስከ ዓርብ

፩.
«እንዳትነግሪያት።»

፪.
ተናጋሪው ጋሽ አድማሱ ናቸው፤ የጓደኛዬ የረድኤት አጎት። የደወሉልኝ ቤጂንግ ላይ፣ የጥንቱን ቤተ መንግሥት ልንጎበኝ ከሆቴል ስንወጣ ነው። አባቷ ከትናንት ወዲያ ዐርፈዋል፤ ትናንት ተቀብረዋል። መርዶው ዓርብ፣ አገር ቤት ስትገባ፣ በማለዳ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ይነገራታል።

«እኔ መዋሸት አልችልም፣ ጋሼ።»

«ዝም ማለት ትችያለሽ አይደል? በሰው አገር ማን ደግፎ ይይዛታል? አደራ፣ ማኅደር ልጄ።»

፫.
ለአንባቢ፦ ከዩኒቨርሲቲያችን በውጤት አንደኛና ሁለተኛ የወጣን ሴቶች ነን፤ ጉዞው ሽልማታችን ነው። አንደኛ ያሰኘኝ ድርሰት ርእሱ «እውነትን የማወቅ መብት» ይላል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት።

፬. መመሪያ ለራሴ
ስልኳን ውሰጂ። «ፎቶ ላነሣበት» በዪ።
አትመልሺላት።
ስትስቅ አንሺያት።
ዐይኗን አትዪ።

፭.
ቤተ መንግሥቱ በደቡብ በር ተገብቶ በሰሜን ይወጣል፤ ወደ ኋላ መመለስ አይፈቀድም። ሰማዩ አመድ መስሏል። የየበሩ ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ ረድኤት ቀሚሷን ሰብስባ ትሻገራለች።

«አንቺ ፕሮፌሰር፣ ምነው ፊትሽ? ንጉሠ ነገሥቱ ዛሬ የሞተ አስመሰልሽው እኮ!»

ሳቀች።

አነሣኋት።

፮.
ከአንድ አዳራሽ ጀርባ ብቻዬን አለቀስኩ። በዚህ ቁጥር ሥር ሌላ የሚጻፍ የለም።

፯.
በሰሜኑ በር ወጥተን ምሳ ተቀመጥን። ሥጋ የታጨቀበት፣ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ አመጡልን። ሳህኔን ወደ እርሷ ገፋሁት። ጨምሪ አልኳት። አሁንም ጨምሪ። እንቢ ስትል በእጄ አጎረስኳት። ይህን ማንም አላዘዘኝም።

ማኘኳን አቆመች።

«ወንድሜ የሞተ ጊዜ አክስቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያበላችኝ» አለች። «ሊያረዱኝ በዋዜማው። ሳልሰማ በፊት እህል ይግባላት ብላ።»

፰. ቃል በቃል

ረድኤት፦ ስልኬን አምጪ።

ማኅደር፦ መጀመሪያ ብዪ።

ረድኤት፦ ሁለት ቀን ሙሉ «አባትሽ ገጠር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም» ይሉኛል። አንቺም ሰምተሻል።

ማኅደር፦ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።

ረድኤት፦ ማኅደር፣ እዪኝ። የዘመድ ወሬ አልጠየቅኩሽም። አንቺን ነው የጠየቅኩት። አባዬ አለ?

ማኅደር፦