ላብ ያጠመቀው ካሜራ

“አባባ፣ እስቲ አንዴ ይቀመጡ” አለች ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን ከዓይኗ አውርዳ። በሌንሱ የሚታያት ነጭ ጉም ብቻ ነበር። ሙሽራይቱም፣ በክንዷ የደገፈቻቸው አባቷም፣ ከኋላቸው ያለው ዛፍም የሉም።

ሽማግሌው ከሆስፒታል የወጡት ለዚህች ፎቶ ነው። ልጃቸውን አቅፈው፣ በእግራቸው ቆመው መነሳት ይፈልጋሉ። ሐኪሙ በግድ ፈቅዶ ነርስ አብሮ ልኳል፤ ነርሷም ገና ከአሁኑ ሰዓቷን ማየት ጀምራለች። ሌላ ቀን ይደርሳል የሚል ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም።

“ምን ሆነ?” አለች ሙሽራይቱ።

“ሌንሱ አላበው። ቀዝቅዞ መጥቶ ድንገት ወበቁ ውስጥ ገባ።”

“ታዲያ ጥረጊዋ!” ሙሽራይቱ የቬሎዋን ጫፍ ዘረጋችላት።

“ብጠርገው መልሶ ይመጣል፤ ጭራሽ ይዥጎረጎራል። እስኪሞቅ መጠበቅ ነው።”

የታጠበ ልብስ ውሎ አድሮ በማይደርቅበት በዚህ ከተማ የሥራዋ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው፦ መኪናው ውስጥ ኤሲ አይከፈትም፣ መስኮት አይዘጋም፣ ካሜራው ሙቀቱን እየለመደ ይሄዳል። ሾፌሩ ባሏም ሕጉን ከሷ እኩል ያውቃል። ሰው ሁሉ ዘንጦ ሰርግ ሲገባ እሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነው የሚደርሰው፣ ምስኪን።

ወደ መኪናው በሩጫ ሄደች።

“ኤሲውን ማን ከፈተው?”

“እኔ” አለ ባሏ አንገቱን ደፍቶ። “ትናንት ቆመሽ ነው የዋልሽው። መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ፤ እንደዚያ በላብ ተጠምቀሽ ሳይሽ አንጀቴ አልቻለም። ሳንደርስ አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር እኮ።”

ልትጮህበት ነበር የመጣችው። ስትነቃ ጃኬቱ ትከሻዋ ላይ እንደነበር አሁን ትዝ አላትና ካሜራውን ብቻ አሳየችው።

“አምጪው እስቲ” አለ። የሞተሩን ኮፈን የሕፃን ገላ ማጠቢያ ውኃ እንደሚለካ ሰው በእጁ ጀርባ እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረገ። ለዘብ ያለ ጥግ ሲያገኝ ፎጣ አጥፎ አነጠፈና ካሜራውን አስቀመጠ። ራሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላ ሆነለት።

“የኔ ልጅ፣ ካሜራሽም ታመመ እንዴ?” አሉ ሽማግሌው ከወንበራቸው።

“ትንሽ ብርድ መቶት ነው አባባ!”

“እንግዲያው ይረፍ። በሽተኛ አይጣደፍም። እኔንም ሲያጣድፉኝ አልወድም” አሉና ነርሷን በጎን አዩዋት። ነርሷ ሳቋ አመለጣት፤ ሰዓቷንም በእጅጌዋ ሸፈነችው። ሙሽራይቱ የቬሎዋን ነገር ረስታ ከአባቷ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጭንቅላቷን እየደባበሱ የሆነ ነገር ነገሯት፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ጉሙ ከዳር ዳር እየሳሳ ሄደ። መሀል ላይ ሳንቲም አክሎ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

“ድኗል!” ብሎ ጮኸ ባሏ።

ሽማግሌው የነርሷን እጅ ገፋ አድርገው በልጃቸው ክንድ ተነሱ። ቀጥ ብለውም ቆሙ። ፎቶ አንሺዋ ደጋግማ አነሳቻቸውና ምስሉን ወስዳ አሳየቻቸው። የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

“ተመስገን” አሉ ቀስ ብለው። “ቆሜ ነው።”

ሙሽራይቱ ፎቶ አንሺዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች። “ውለታሽን በምን እከፍላለሁ?”

“የሱ ነው ውለታው” አለች ፎቶ አንሺዋ ወደ ባሏ እያሳየች። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱለት። “ዕድሜ ይስጥህ ልጄ!”

ቀጥሎ የሚሄዱት ወደ ሰርጉ አዳራሽ ነበር። ባሏ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ሞተር አስነሳ። ላቡ ከወዲሁ በአንገቱ ይወርዳል።

“አሁንስ አልሳሳትም” አለ።

እሷ ከቦርሳዋ ወፍራም ላስቲክ አውጥታ ካሜራውን ውስጡ ከተተች፤ አየሩን አስወጥታ አፉን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። እንዲህ ከታሸገ ከመኪና ሲወጣ የሚያልበው ላስቲኩ ነው። ችግሩ፣ ቀድሞ ደርሶ ካሜራው ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ እስኪሞቅ መጠበቅ አለ፤ እሷ ደግሞ መጠበቅ አትወድም። እስከ ዛሬ ድረስ ከሷ ጋር እሱም ሲያልበው የኖረው ለዚህ ነው።

“መስኮትህን ዝጋ” አለችው።

“ካሜራውስ?”

“ቀድመን ደርሰን እንጠብቃለን።”

ኤሲውን ከፈተችና በሷ በኩል ያለውን የአየር ማውጫ ወደሱ አዞረችው።